99 ሆነው መጡ፣ 19 ቦታ ተበተኑ

ላኲላ በማዕከላዊ ጣሊያን፣ በአፔኒን ተራሮች መካከል 714 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ «ንስር» ማለት ነው። ለ2026 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የጣሊያን የባህል መዲና ሆና ተመርጣለች። ከ2009ኙ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ስለታደሱት አብያተ ክርስቲያናቷ ብዙ ይወራል፤ ይገባታልም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፤ ድንጋዩስ ተመለሰ፣ ጉርብትናውስ?

አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ላኲላን የቆረቆሯት የ99 መንደር ሰዎች ናቸው። ቁጥሩ ተጋንኖ ይሆናል፤ የአካባቢው መንደሮች ተሰባስበው መመሥረታቸው ግን እውነት ነው። የየመንደሩ ሰው ሲገባ የራሱን ቤተ ክርስቲያን፣ የራሱን ምንጭና የራሱን ፒያሳ ይዞ ገባ። (ፒያሳ ማለት አደባባይ ነው፤ ስሙስ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም።) በ1272 ሥራው የተጀመረው ባለ 99 አፍ የውሃ ምንጭ ዛሬም አለ።

እልኸኛ ከተማ ናት። የሲሲሊው ንጉሥ ማንፍሬድ በ1259 አፈረሳት፤ በጥቂት ዓመታት ተመልሳ ቆመች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያመፀችባቸው ስፔናውያን ምሽግ ገነቡባት፣ ወጪውንም ከራሷ ነዋሪ አስከፈሉ፤ «የላኲላን ሰዎች ድፍረት ለመግታት» ብለውም ጻፉበት። በ1703 የመሬት መንቀጥቀጥ አወደማት፤ እንደገና ተሠራች፣ እዚያው ቦታ ላይ።

ኤፕሪል 6 ቀን 2009፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ32 ላይ ምድሩ ዳግም ተናወጠ። 309 ሰው ሞተ። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የበርሉስኮኒ መንግሥት በወራት ውስጥ ከመሀል ከተማው ውጪ በ19 ቦታዎች ወደ 4,500 የሚጠጉ አፓርታማዎች አቆመ። ፍጥነቱን አልክድም፤ የተራራ ብርድ በድንኳን አይገፋም። ግን የተሠራው መኝታ ቤት እንጂ ሰፈር አይደለም። ቡና መጠጫ፣ ሱቅ፣ ቆም ብሎ ማውጊያ ጥግ ያሰበለት አልነበረም። በእግር ይጠያየቅ የነበረ ጎረቤት መኪና አስፈለገው። 99ኙን መንደር አንድ ያደረገች ከተማ እንደገና መንደር መንደር ሆነች። መሀሉ ደግሞ ታጥሮ በወታደር ይጠበቅ ነበር።

ከዚያ የተጠለፈ የስልክ ንግግር ወጣ። አንድ የግንባታ ሰው በዚያች ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ይስቅ እንደነበር ሲናገር ተሰማ፤ የሚመጣው ሥራ ታይቶት።

በፌብሩዋሪ 2010 ነዋሪዎቹ አጥሩን ጥሰው ገቡ። የእጅ ጋሪ፣ አካፋና ባልዲ ይዘዋል። ተሰልፈው ፍርስራሹን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጡት ከየቤታቸው አልነበረም፤ ከፒያሳው ነበር።