ገንዘቧ ካላሳፈረን እርሷ ስለ ምን?

የጎጃም ወገኖቼ፣ የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ለሚያድር ሾፌር፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ዙሪያም ለመንገደኛው አረቄ የምትቀዳውን፣ ገላዋንም የምትሸጠውን ልጅ እንደ ባዕድ አትመልከቷት። ከእኛው ቀበሌ የወጣች ናት።

መንገዷን እናውቀዋለን። ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ለማታውቀው ሰው ትዳራለች፤ ዕድሜዋን የሚጠይቅ ሽማግሌ አይገኝም። ትዳሩ ሲፈርስ ፈት ተብላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። በክልላችን መሬት በስፋት የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደች ልጅ ደግሞ ለወንድሞቿ እንኳ ከማይበቃው ማሳ ምን ይደርሳታል? ከተማ ትወርዳለች። ደላላ ይቀበላትና ለሰው ቤት ሠራተኝነት ያስቀጥራታል። ደመወዟን ስትከለከል፣ ሌሊት የቤቱ ጌታ በሯን ሲገፋ፣ የቀራት የመጠጥ ቤቱ በር ነው።

ስድባችን ግን በእርሷ ላይ ብቻ ይወርዳል። ከእርሷ ዘንድ ያደረው ሰው ጠዋት ጋቢውን አጣፍቶ ለሽምግልና ይላካል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንኳ ገላዋን በመሸጧ አይቀጣትም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በእርሷ ገላ የሚነግደውን ነው፤ አንቀጽ 648 ደግሞ ያለ ዕድሜዋ ያገባትን ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። እኛ ግን ፍርዱን ገልብጠነዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ በዓል ሲደርስ የምትልከውን ገንዘብ እንቀበላለን። የማዳበሪያው ዕዳ የሚከፈለው፣ የታናሽ ወንድሟ ደብተር የሚገዛው በእርሷ ነው። ራሷ ስትመጣ ግን እናት ከጎረቤት ትደብቃታለች፤ በሠርግ ከዘመድ ጋር አትቀመጥም፤ ታማ ስትመለስ መጠጫዋ ይለያል። ገንዘቧን ስትቆጥሩ ያልተሰማችሁ ውርደት ፊቷን ስታዩ ከየት መጣ?

አከራይ የሆንህ፣ መሄጃ የላትም ብለህ ኪራዩን እጥፍ አታድርግባት። የእድር ዳኛ ሆይ፣ መዋጮዋን ይዛ ስትመጣ ስሟን መዝግብ፤ ቀባሪ አጥታ በማዘጋጃ ቤት አትቀበር። መናኸሪያ ላይ ደላላ ሕፃን ልጅ ሲነዳ ያየህም ዝም ብለህ አትለፍ፤ ለፖሊስ ተናገር። አንተም ለጥር ሠርግ ጠላ ልታስጠምቅ ያሰብህ አባት፣ ልጅህ 18 ዓመት ካልሞላት ሽማግሌዎቹን መልሳቸውና ትምህርቷን ትቀጥል።