ወሰንተኛችን ይመስገኑ

የእናቴ ማሳ ከአዳማ ወጣ ብሎ ነው። ከባጃጅ ወርደን ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር እንሄዳለን። ጤፍና ቦሎቄ ይዘራበታል። ነፋሱ አይጣል ነው። በምሥራቅ በኩል የሚዋሰኑን ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ትሑት ሰው ስለሆኑ ሥራቸው እንዲታወቅ አይፈልጉም። በተለይ አመሻሽ ላይ የሚሠሩት።

ጋሼ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የጋራ አጥራችንን ያድሳሉ። ልብ በሉ፣ አጥሩ የጋራ ነው። ግን አንድም ቀን እናቴን "እትዬ፣ እስቲ አዋጪ" ብለዋት አያውቁም። እንጨቱ የራሳቸው፣ ሚስማሩ የራሳቸው፣ ጉልበቱ የራሳቸው። የእኛ መሬቱ ብቻ ነው።

ዕድሳቱ ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። እኛ አካባቢ ምስጥ አለ። የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክላችሁ ሁለት ክረምት ካለፈው፣ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ከሥሩ ግን አልቋል። ገፋ ስታደርጉት ይወድቃል። የገባው ሰው የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለብለብ ያደርገዋል፣ ወይም ጋራዥ ሄዶ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ ይቀባዋል። ጋሼ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። አያደርጉትም እንጂ። ምስጥም የእግዜር ፍጥረት ነው፣ ይብላ! ምስጥ ካልበላው ቋሚው አይነቀልም፤ ካልተነቀለ ደግሞ አዲስ ጉድጓድ ማን ይቆፍራል? አሮጌው ጉድጓድ ላይ መልሰው እንዳይተክሉ፣ እሱ ውስጥ ምስጥ አለ። ስለዚህ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። ወዴት? ወደ እኛ ነዋ። በእሳቸው በኩል እኮ በቆሎ ተዘርቷል።

ጥበባቸውን በዓይኔ ያየሁት አምና ነው። ሲባጎ ሲወጥሩ ደረስኩ። ሁለቱን የማዕዘን ቋሚዎች ንክች አላደረጓቸውም። ማዕዘን የሚነካ ጀማሪ ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሲባጎውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰሩና መሀል ላይ በአንዲት ችካል ወደ እኛ ገፋ አደረጓት። አጥሩ ቦርጭ አወጣ።

"ጋሼ፣ ገመዱ አልጎበጠም?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩት። "ነፋሱ ነው ልጄ" አሉኝ።

የአዳማ ነፋስ መቼም ጉድ ነው። በነፋስ መብራት የሚያመነጩትን ተርባይኖች ታውቋቸዋላችሁ፤ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 ተተከሉ። 136 ግንድ የሚያህል ምሰሶ ቀን ከሌት ነፋስ ይደበድበዋል። አንዱም ከተተከለበት ንቅንቅ አላለም። መሐንዲሶቹ ጋሼን ሳያማክሩ ቀርተው ነው እንጂ፣ ይሄኔ ሞጆ በገቡ ነበር።

ደግሞ ስግብግብ አይደሉም። በዓመት አንዲት ስንዝር ናት። 20 ሴንቲ ሜትር እንበላት። የምንዋሰንበት 100 ሜትር ነው። በ10 ዓመት መሀሉ 2 ሜትር ይገባል፤ ጫፎቹ ስላልተነኩ ግማሹን ቀንሱላቸው፣ እኔ ሰው አላማም። 100 ካሬ ይሆናል። ከተማ ውስጥ 100 ካሬ ላይ ጂ ፕላስ ዋን የሚያቆም አለ። "በሚስትና በመሬት ቀልድ የለም" ይባላል። ጋሼ መች ቀለዱ?

የድሮው የይዞታ ደብተራችን ካርታ የለውም። "በምሥራቅ" ይልና የጋሼን ስም ይጽፋል። እንግዲህ ድንበራችን እሳቸው ናቸው ማለት ነው። እሳቸው ፈቀቅ ሲሉ ድንበሩም አብሮ ፈቀቅ ይላል። ደብተሩ መች ዋሸ?

በኋላ በካርታ ይለካ ተባለና ለኪዎች መጡ። ወሰንተኞች ቆመው ያሳዩ ተባለ። ጋሼ ከሁሉም ቀድመው ተገኙ። ኮፍያቸውን አውልቀው አጥሩን በክብር አሳዩ። እናቴ ያን ጊዜ አጉረመረመች።

"እትዬ፣ በየዓመቱ አንቺው ፊት አይደል የሠራሁት? ምነው ያኔ አልተናገርሽ?" አሏት።

እውነታቸውን ነው። አጥሩን ሲሠሩ ቡና አፍልታ የምትወስድላቸው እሷ ናት። የጎረቤት ላብ አይታ ዝም አትልም። ይሉኝታችንም ከጋሼ ጋር ይመስገን፤ ያለ እሱ ይህ ሁሉ ልማት አይታሰብም።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ። ጋሼ ለካ ሕግም አዋቂ ናቸው። ሕገ መንግሥት ጠቀሱ። አንቀጽ 40፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አሉ። "እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?" ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ዘዳግም 27ን አነሱ። የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈልስ የተረገመ ነው፣ ሕዝቡም አሜን ይላል የሚለውን። ከሁላችንም ቀድመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሜን ያሉት ጋሼ ናቸው። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይናገራል? ምሳ በልተን ተለያየን።

ዘንድሮም ግንቦት ገባ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ልጃቸውን ልከው ድጅኖ አስጠየቁን። የእሳቸው ጫፉ ዶልዱሟል አሉ። እናቴ ከጓዳ አውጥታ ለልጁ አሸከመችው።

"ቡናውን በስንት ሰዓት ላምጣ በላቸው" አለችው።