ዝምታ ለበግም አልበጃት

የመንዝና የተጉለት፣ የቡልጋና የይፋት ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

በግ ስንገዛ እንተዋወቃለን። ላቱን እንዳብሳለን፣ ጥርሱን ገልጠን እናያለን፣ ለ50 ብር ግማሽ ቀን እንከራከራለን፣ ጥለን ሄደን ደግሞ እንመለሳለን። እንዲህ ገንዘቡን የሚያውቅ ሰው ከስልኩ በየቀኑ 2 ብር ሲቆረጥበት ምን ይላል? «ኔትወርኩ እየበላብኝ ነው» ይልና ሌላ ካርድ ይሞላል።

እናቴ የምትኖረው ሞላሌ አካባቢ ነው። ለበዓል ስሄድ «ካርድ አልበረክትልኝ አለ» አለችኝ። ስልኳን ስከፍተው በየጠዋቱ የገባ የጤና ምክር ተደርድሯል። ውሃ ጠጡ፣ ጨው ቀንሱ። ሁሉም በጽሑፍ። እናቴ ደግሞ ማንበብ አትችልም! ከልጅ ልጆቿ አንዱ ሲጫወት «ኦኬ» ብሎ ልኮ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ምዝገባው ራሱን በራሱ እያደሰ ይቆርጣል። በቀን 2 ብር በዓመት 730 ብር ነው።

እኔም የተሻልኩ እንዳይመስላችሁ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በባንክ ካርዱ አንድ መጽሔት ስልኬ ላይ አስጀመረልኝ። የመጀመሪያው ወር ነፃ ነበር። ሲሰለቸኝ አፑን አጠፋሁትና የተገላገልኩ መሰለኝ። አፑን ማጥፋት ግን ደንበኝነቱን አያጠፋም። የክፍያና የደንበኝነት ገጹ ውስጥ ገብቶ፣ መታደሻው ቀን ሳይደርስ፣ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ወንድሜ ስምንት ወር ከፈለ። «እያነበብክ መስሎኝ እኮ ነው» አለኝ። እሱ በይሉኝታ፣ እኔ በስንፍና፣ ሁለታችንም ዝም።

ይሄ ይሉኝታችን ነው የሚያናድደኝ። «ለ2 ብር ብሎ ደወለ» እንዳንባል እንፈራለን። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ ሃምሳ ሆና አንድ ነብር ፈጃት» የምንለው እኛው አይደለን? በግ አርቢዎቹ!

ሕጉ እንኳ ከእኛ ይሻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1682 ላይ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ለነባር ደንበኛ ግን አንቀጽ 1684 ለየት ይላል። ውሉ እንዲቀጥል በጽሑፍ ተጠይቀህ፣ በተገቢው ጊዜ ካልመለስክ እንደተስማማህ እንደሚቆጠርም ተነግሮህ ዝም ካልክ፣ ዝምታህ ሊያስርህ ይችላል። መጀመሪያውኑ «በየወሩ ይታደስ» የሚለውን ሳታነብ ተስማምተህ ከሆነ ደግሞ ዝም አላልክም፤ ተዋውለሃል። ስለዚህ «እስማማለሁ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት አንብቡ። አደራ።

ወጣቶች፣ በተለይ እናንተን ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጣችሁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስትነካኩ ትውላላችሁ፤ ገጠር ስትወርዱ የአባታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ አታዩም። መልእክቱ ከየትኛው አጭር ቁጥር እንደመጣ እዩ። ብዙውን ጊዜ በላቲን ፊደል «ስቶፕ» ብሎ ወደዚያው ቁጥር መላክ ይበቃል። አልቆም ካለ፣ መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውሉ። የማቋረጫውን መልስም አታጥፉት፤ በኋላ ለክርክር ይጠቅማል።

የእናቴን አቋረጥኩላት። በማግስቱ ቡና ስንጠጣ ስልኳ ጮኸ። ሌላ አጭር ቁጥር፣ የእግር ኳስ ዜና። ወደ ታች ስፈልግ ሦስተኛም አገኘሁ።