አመዛዝኖ ለሚወጋው ጀግና

ሰሞኑን ጂም ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንድ ጎረምሳ ለጓደኛው ስለ ስቴሮይድ፣ ጡንቻ ስለሚያሳብጠው መድኃኒት፣ ሲያስረዳ ሰማሁ። «ዝም ብዬ አልገባሁበትም፤ ጥቅምና ጉዳቱን አመዛዝኜ ነው» አለ። ካልሲዬን እንደያዝኩ በአድናቆት ፈዝዤ ቀረሁ።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየጂሙ አለ። ጥንቃቄው ለጉድ ነው። ቅቤ ሲገዛ ሙዝ እንዳይሆን በጣቱ አሽቶ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ ነው። የገበያ በርበሬ ሸክላ አለበት ብሎ እናቱን ያስፈጫል። ማር ካመጡለት ክብሪት ይለኩስበታል። እንጀራ ሲቀርብለት ጄሶ ፍለጋ ወደ መብራት ከፍ አድርጎ ዓይን ዓይኑን ያያል። የዘይቱን አገር ይጠይቃል። እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይመረምራል። የፈረንጅ ዶሮማ በቤቱ አትገባም። ለምን ቢሉት፣ «መርፌ ተወግታ ነው እንዲህ የወፈረችው!»

ይኸው ሰው ማታ ጂም ጓሮ ሄዶ፣ በሰው ሻንጣ የመጣ፣ ጽሑፉ የተላጠ ብልቃጥ ይገዛል። ማን ሠራው? የት ተቀመጠ? አይጠይቅም። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ይወጋል። ቅቤ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ያሸተው ነበር።

ሚዛኑ ላይ ጥቅም የለም አልልም። መድኃኒቱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ በሳምንት 600 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን (ዋናው ስቴሮይድ፣ የወንድ ሆርሞን) ለ10 ሳምንት የተወጉ ወንዶች ብረት ሳያነሱ እንኳ ጡንቻ ጨምረዋል። ስለዚህ ጀግናችን ቲክቶክ ላይ «ሚስጥሩ ዲሲፕሊን ነው» ሲለን እጃችንን አጣጥፈን እንስማ።

ጉዳቱማ ቀላል ነው። ደም ይወፍራል፤ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ የልብ ግድግዳ ይደድራል፤ የሚዋጠው ዓይነት ደግሞ ጉበት ላይ ይወርዳል። አንዳንዱ ጡት ያወጣል። ደረት ይፈልግ አልነበር?

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቆየኝ። ይህን ነገር ለ16 ዓመት ልጅ የሚሸጥ አሰልጣኝ ተብዬ አለ። ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ሲወጋ የአጥንቱ ማደጊያ ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል፤ ቁመቱ እዚያው ይቀራል። የተዘጋውን የሚከፍት ሐኪም የለም። ሻጩ ግን ብሩን ቆጥሮ፣ የልጁን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አይዞህ ወንዱ!» ይለዋል። እንዲህ ያለው ሰው አሰልጣኝ ሳይሆን ሌባ ነው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ቆለጥ ሥራ ይፈታል፤ ይሟሽሻል፤ ዘር ይመነምናል። ይህ እንዲያውም ተፈትኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ባደረገው ጥናት በሳምንት 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ሆኖ ተሞክሮ ውጤታማ ነበር። የኛ ጀግና የዚያን እጥፍ የሚወጋው እንግዲህ ወንድነቱን ሊያሳየን ነው። መርፌውን ቢያቆምም ዘሩ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ዓመትም ያልፈዋል።

ከዚያ ሰርግ ይደገሳል። ሱፉ ትከሻው ላይ አልገባ ይላል፤ ዘመድ እልል ይላል። ልጅ ሲዘገይ እናቱ ምራቷን አስከትላ ማህፀን ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ ከዚያም ጠበል። ምስኪኗ ደም ትሰጣለች፣ አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ ትጾማለች። እሱም አብሮ እንዲመረመር ተጠይቆ ነበር። ግን አልተመቸውም፤ የደረት ቀን ነው።