ነጠላው ከትከሻችን ሳይወርድ

ኧረ ምን ነክቶን ነው? እሁድ ጠዋት ባሕር ዳር ቅዳሴ አልቆ ሲወጣ እዩን። ጸበል ጠጥተን፣ ደጁን ስመን እንወጣለን። በሩ ላይ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ለ10 ብር እንሰዳደባለን። ነጠላው እንኳ ከትከሻችን አልወረደም እኮ!

በቀደም ወደ ጣና ዳር በሚወስደው መንገድ የአንዲት እናት የማገዶ ሸክም ገመዱ ተበጠሰ። እንጨቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብላ ስትለቅም የመኪና ጡሩምባ ነፉባት። አንዱ መዝሙሩን ለቆ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ "አንሺ እንጂ ቶሎ!" ብሎ ጮኸባት። እሱ ወርዶ ቢያግዛት ስንት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር? እንጨቱን የሰበሰበላት አንድ ሊስትሮ ልጅ ነው፤ ሣጥኑን ጥሎ ሮጦ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ማቴዎስ 25 ላይ ጌታ የሚጠይቀን ስለተራበው፣ ስለታረዘው፣ ስለታመመው ነው። ይህን ስብከት ሳንሰማው ቀርተን አይደለም። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እንጾማለን፣ ከጎረቤት ጋር ግን እንደተኳረፍን ፋሲካ ይገባል። ለማኅበር ድግስ እንሯሯጣለን፣ የቤት ሠራተኛችንን ደሞዝ ግን "ነገ፣ ከነገ ወዲያ" እያልን እናጉላላለን። እሷም እኮ ለእናቷ የምትልከው ብር ነው! ዛሬውኑ ስጧት።