የነጠላ ጥለት ለማስተርስ ጥናት አያንስም

ኢስቶኒያ በሕዝብ ብዛት ከሰሜን ሸዋ ታንሳለች። እዚያ የሚኖረው ሕዝብ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሰሜን ሸዋ ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ እንኳ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ማስተርሴን የተማርኩት በዚህች ትንሽ አገር፣ ታርቱ በምትባል ከተማ ነው። ትምህርቱ ሴሚዮቲክስ ይባላል፤ የምልክት ጥናት ነው። መንዝ ስገባ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው። «ለመሆኑ ሥራ ያስገኛል?»

ጥያቄው አያስቀይመኝም። ለፍቶ ልጅ ያስተማረ ሰው መጠየቅ መብቱ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ትምህርት የሚመረምረው ነገር ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። እኛ ግን ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ አይመስለንም።

ነጠላን እንውሰድ። አክስቴ መሐል ሜዳ ነው የሚኖሩት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፋሉ። ለቅሶ ሲሄዱ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገታቸው ያዞሩታል። ድግስ ላይ ሲያስተናግዱ ደግሞ ወገባቸው ላይ ያስሩታል። ጨርቁ ያው ነው። አለባበሱ ሲለወጥ ግን መንደሩ ሁሉ ያነበዋል። «ይህን ማን አስተማረዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምኑን ነው የሚያስተምሩኝ ልጄ? ሰው ሲያደርግ አይቼ ነው እንጂ» አሉኝ።

ስዊዘርላንዳዊው ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ጄኔቫ ላይ ያስተማረው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ምልክት ትርጉም የሚያገኘው ማኅበረሰቡ ስለተስማማበትና ከሌሎቹ ምልክቶች ስለተለየ ነው ይላል። ጥለቱ ከላይ መሆኑ ኀዘን የሚሆነው፣ በሌላው ቀን ታች ስለሚሆን ነው። ሶሱር ይህን ራሱ በመጽሐፍ አላሳተመውም። እ.ኤ.አ. በ1913 ከሞተ በኋላ ከተማሪዎቹ ደብተር ተሰብስቦ በ1916 ታተመ። ዛሬ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል።

ሌላ ልጨምር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ሲባል መንገድ ዳር እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ይታያል። ጠላ አለ ማለት ነው። አሜሪካዊው ቻርለስ ሳንደርስ ፐርስ ምልክቶችን በሦስት ይከፍላል፤ ነገሩን የሚመስሉ፣ ከነገሩ ጋር በእውን ተያይዘው የሚጠቁሙ፣ በልማድ ብቻ የሚሠሩ። ጭስ እሳትን ይጠቁማል። የተደፋውስ ጣሳ? ጣሳው የመጠጫው ዕቃ ስለሆነ ይጠቁማል። ተደፍቶ መሰቀሉ ግን ልማድ ነው፤ ልማዱን የማያውቅ እንግዳ አይቶት ያልፋል። ታርቱ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ይዘን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስንከራከር እንውላለን። ማንም «ይሄ ተራ ነገር ነው» አይልም። ከውጭው ትምህርት ከሁሉ በላይ የወደድኩት ይህን ነው።

ከውጭው ኑሮ ያልወደድኩትም አለ። አንዲት የክፍል ጓደኛችን አባቷ ሞተው፣ ብዙዎቻችን የሰማነው ከሰነበተ በኋላ ነው። ልብሷ ያው ነው፣ ፀጉሯ ያው ነው። ማንም ምንም አላላትም፤ ማንም አላወቀማ። የሰውን ኀዘን ለባለቤቱ ለራሱ መተው እዚያ እንደ አክብሮት ይቆጠራል፤ ይገባኛል። ግን መንዝ ውስጥ ጥቁር የለበሰች ሴት መንገድ ላይ የማያውቃት ሰው ሳይቀር «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል። ስለ ምልክት የሚጽፉት አንዱ ዘንድ፣ በምልክት የሚተዛዘኑት ሌላው ዘንድ መሆናቸው ያንገበግበኛል።

ታርቱዎች ሀብት ስላላቸው ነው የሚል ካለ፣ ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። ዩሪ ሎትማን አይሁዳዊ በመሆኑ ሌኒንግራድ ላይ የማስተማር በር ሲዘጋበት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኢስቶኒያ፣ ወደዚህችው ታርቱ የሄደ ምሁር ነው። በሶቪየት ሳንሱር ሥር ሆኖ በ1964 ዛሬም የሚወጣውን የሴሚዮቲክስ መጽሔት ጀመረ። በዘርፉ ካሉት የዓለም መጽሔቶች በዕድሜ ቀዳሚው ይህ መጽሔት ነው። የትምህርቱ ስም ራሱ በጥርጣሬ ይታይ ስለነበር ሌላ ጠምዛዛ ስም ሰጡት። እንዲህ ተደብቀው የጀመሩት ትምህርት ነው ዛሬ ከየአገሩ ተማሪ የሚጠራው።

የእኛንስ ማን እያጠናው ነው? መንዝ ውስጥ ጓሳ ላይ ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች የጭላዳ ዝንጀሮን ባሕርይ ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ፣ የወንዱ ደረት ሲቀላ፣ ለሌላው ጭላዳ መልእክት አለው። የሴሚዮቲክስ ምሁሩ ቶማስ ሴብዮክ እ.ኤ.አ. በ1963 ለእንስሳት ምልክት ጥናት ስም ካወጣለት ወዲህ ይህ የታወቀ ዘርፍ ነው። ጥናቱ ደስ ይለኛል፣ ይቀጥል። ግን የጓሳ ጭላዳ ከንፈር ተጠንቶ የመንዝ ሰው ነጠላ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ የማውቀው ወጣት መምህር የኀዘን አለባበስን ለመመረቂያ ጥናቱ አቅርቦ ነበር። «ይሄ ምኑ ጥናት ነው? ሌላ ርዕስ ፈልግ» ተባለ። ፈለገ፤ ሌላ ርዕስ ጻፈ፤ ተመረቀ። የተወው ርዕስ ግን ጊዜ አይሰጥም። ወጣቶቹ ለለቅሶም ጥቁር ቲሸርት እየለበሱ ነው። ጥለቱን ማዞር የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው፤ የሚነግሩንም ዛሬ በሕይወት እያሉ ነው።

በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ ማን ያነበዋል የሚል ክርክርም እሰማለሁ። የሎትማን መጽሔት እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ድረስ በዋናነት የታተመው በሩስኛ ነበር። ሐሳቡን የፈለጉ ምዕራባውያን ተርጉመው አነበቡት። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መሐል ሜዳ ላይ የሚጠየቁ እናቶች አሉ። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ በመኪና በአንድ ቀን ይደረሳል። ያ መምህር ርዕሱን መልሶ ቢያነሳ፣ በአማርኛ ይጻፈው። የታርቱ ማስታወሻዎቼን በሙሉ እሰጠዋለሁ፤ አክስቴም ይጠብቁታል።