ስልኬን ከወሰዳችሁ የሚደወልበት ቁጥር ስጡኝ

ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ሲገቡ ስልካቸውን የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሰማያዊ የላስቲክ ቅርጫት ነበረችኝ። ስልኮቹ እንዳይቀያየሩ እያንዳንዱ ጀርባ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ስም ተጽፎበታል። ቅርጫቷን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ።

በሥራ ሰዓት ስልክ ይሰብሰብ መባሉን ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፋለሁ። የፋብሪካ ስፌት መኪና መርፌ በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ ይወርዳል። አንዲት ልጅ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ስልክ ሲበራ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። መርፌው ጥፍሯን በስቶ ወጣ። ጣቷን በጨርቅ ጠቅልዬ ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ መርፌ ባይኖርም ሰው አለ። ከገጠር በሌሊት ተነስታ ደሴ የገባች እናት ፋይሏን ታቅፋ ቆማ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ልጅ ቲክቶክ እያየ ይስቃል። ይሄ ነውር ነው። ዝም ሊባል አይገባም።

የማልስማማው ደንቡ በሚፈጸምበት መንገድ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቅርጫቷን ከፈትኩ። አንዲት ወጣት እናት ስልኳን ተቀብላ ደርቃ ቀረች። «እትዬ፣ እማዬ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች» አለችኝ። እናቷ ወረባቦ ናት፣ ልጇን የምታሳድግላት እሷ ናት። ስትደውል ልጁ ትኩሳት ጥሎት ጤና ጣቢያ ገብቷል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የገባው። እኛ ያወቅነው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ይዣት ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። ስልክ እያወራ ነበር። ቀና ብሎ ሳያየን መዳፉን አሳየን፣ ጠብቁ ማለቱ ነው። ቆምን። ስለ ቤት ክራይ ነበር የሚያወራው፣ ቃል በቃል ይሰማል። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታዋለች፣ ደግሞ ትጠቀልለዋለች። ሲጨርስ ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጥ «በሥራ ሰዓት ስልክ አይቻልም አላልንም?» አላት። ቅርጫቷ ውስጥ እንደነበረ፣ የተከፈተው በምሳ ሰዓት እንደሆነ ነገርኩት። «ደንብ ደንብ ነው» አለኝ።

ልጁ ዳነ፣ አልሃምዱሊላህ። እናቱ ግን ወደ ሥራ አልተመለሰችም። እኔ በዚያች ቅርጫት ምክንያት እስከ ዛሬ ልቤ ይከብደኛል።

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቹ የስፌት ልጆች ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ፣ ከባቲ አካባቢ የመጡ ናቸው። ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ቤተሰባቸው ገጠር ነው። ከቤተሰብ ጋር የቀረቻቸው አንዲት ገመድ ያቺ ስልክ ናት። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበረበት ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። እናት ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ስንት ሌሊት አደረች። ያንን ያሳለፈ ሰው ስልክ ሲጠራና ሳይነሳ ሲቀር የሚመጣበት ሐሳብ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ የስልክ ደንብ የሚያወጣ አለቃ ይሄን ማወቅ አለበት እላለሁ።

ሌላም አለ። ያው አለቃ ማታ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ግሩፕ «ነገ 12 ሰዓት ተኩል ግቡ» ብሎ ይጽፋል። ያላየውን ሰው ጠዋት ይቆጣዋል። በሌሊት ስልክህን ለምን አላየህም፣ በቀን ስልክህን ለምን አየህ። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይሄ ነው።

ወደ ቅጣቱ ልምጣ። «ስልክ ይዛ ስለተገኘች የቀን ደመወዟ ይቆረጥ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለመሆኑ የት ተጽፎ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለት ነው፣ አለቃ ስለተናደደ ደመወዝ ይቆረጥ አይልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ የተፈቀደ መሆን አለበት። ካልሆነም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ይፈልጋል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ይኸው አዋጅ በማርፈድ እንኳ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲሰናበት የሚፈቅደው በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲያረፍድ ነው። በማርፈድ ይህን ያህል ትዕግሥት ከተጠየቀ፣ አንዴ ስልክ ያየችን ልጅ በሰው ፊት ማዋረድ ምን ይሉታል? የሠራተኛን ሰብዓዊ ክብር መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነም አዋጁ ውስጥ ተጽፏል።

ወሎ እኮ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች ያሉበት አገር ነው። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ተቀምጦ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ ፍርድ አይሰጡም። በዚህ አገር ያደገ ሥራ አስኪያጅ አንዲትን ልጅ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ያቅተዋል?

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ደንቡ ይጻፍ፣ ሠራተኛው ሲቀጠር ይነበብለት። ያጠፋ መጀመሪያ ለብቻው ተጠርቶ ይነገረው፣ ከደገመ በጽሑፍ። ስልክ የሚሰበሰብ ከሆነ የአለቃውም እዚያው ይግባ፣ ቢያንስ ማሽን ወዳለበት ሲገባ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ስልክ ይኑር። ሁልጊዜ ቻርጅ ያለው፣ ሁልጊዜ የሚነሳ። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይሰጥ። ይሄ ለአንድ ፋብሪካ የአንዲት ርካሽ ቁልፍ ስልክ ዋጋ ነው።

«ደንቡን እንዲህ ካላላነው ሁሉም በየሰዓቱ ያስደውላል» የሚሉኝ አለቆች አሉ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አሁን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አሥራ አራት ሆነን በምንሠራበት ትንሽ ስፌት ቤት ውስጥ ነኝ። እዚህም ስልክ ይሰበሰባል። መጀመሪያ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባው የባለቤቱ ነው። ከካውያው አጠገብ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንዲት ቁልፍ ስልክ ምስማር ላይ በገመድ ተንጠልጥላለች። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ብትጠራ ነው። ማንም ሌላ ስልክ ስለማይጠብቅ አንገት የሚያዞር የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠራች። ሁላችንም መኪናችንን አቆምን። አንዷ ተጠርታ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታን አወራች። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ተመልሳ ተቀመጠችና ክሯን መርፌው ውስጥ አስገባች። «ምነው፣ ደኅና ናቸው?» አልናት። እናቷ በርበሬ ልካላት ኖሯል፣ ከሥራ ስትወጣ ከመናኸሪያ ሄዳ እንድትቀበል ነው። ፔዳሏን ረገጠች።